35 ብለው የጻፉት ልጆች

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት የመቀነስ ጥያቄ ነው፦ 43 − 18።

ቦታው ምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ፣ ጤፍ ቀርቶ ስንዴ፣ ገብስና ድንች የሚተካበት ደጋ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። መምህርቷም "ስሜን እንዳትጽፉት" ብላኛለች፤ ስለዚህ መምህርት እያልሁ እቀጥላለሁ። እኔ ያን ጊዜ የጉድኝቱ፣ ማለት በአንድ የተቧደኑ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች፣ ሱፐርቫይዘር ነበርሁ፤ ክፍል እየገባሁ፣ ከኋላ ተቀምጬ ቅጽ የምሞላ ሰው። ክፍሉ ሁለተኛ ክፍል ነው። 58 ልጆች አሉበት፤ አንዱ ደስክ ላይ ሦስትም አራትም ሆነው ይቀመጣሉ።

መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ያየሁትን ትምህርት ወድጄው ነበር። መምህርት ክፍሉን ለሁለት ከፍላ፣ ከየወገኑ አንድ አንድ ልጅ እየጠራች ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ትጽፋለች። ቀድሞ ሮጦ መልሱን በጠመኔ ያሰፈረ ከረሜላ ይወስዳል። ከረሜላው ከደመወዟ የተገዛ ነው። ጩኸቱ ቆርቆሮውን ያነሣዋል፤ የሦስተኛ ክፍል መምህር ምን መጣ ብለው በበሩ ብቅ ብለው አይተው ሄዱ። ቅጹ ላይ "የተማሪዎች ተሳትፎ" የሚል ሳጥን አለ። "በጣም ከፍተኛ" በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። አሁን ሳስበው ያን ሳጥን የሞላሁት በጆሮዬ ነው።

በዕረፍት ሰዓት፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተከመሩት ደብተሮች አንዱን ገለጥሁ። 43 − 18 = 35። ሁለተኛውን ገለጥሁ፤ 35። ሦስተኛው 35። አንዱ 25፣ አንዱ ደምሮት 61፣ ከዚያ እንደገና 35። ከገለጥኋቸው ከግማሽ የሚበልጡት 35 ናቸው።

"ጋሼ፣ ሲጫወቱ እኮ ያውቁታል" አለችኝ መምህርት።

"ዛሬ ሰሌዳው ጋ የወጡት እነማን ነበሩ?"

በጣቷ እየቆጠረች ስም ጠራች። ዘጠኝ ልጆች ናቸው። እነዚያው ዘጠኙ ባለፈውም ወጥተዋል። ቀሪዎቹ የሚጮሁት ለወገናቸው ነው፤ መቀነሱን አልቀነሱትም። ባለ ከረሜላዎቹም ቢሆኑ የተሸለሙት ስለ ሮጡ ነው። ሽልማት ባሕርይን እንዴት እንደሚቀርጽ ያጠናው አሜሪካዊው ስኪነር ይህን ቢያይ የሚገረም አይመስለኝም፤ ሽልማት የሚያጠነክረው የተሸለመውን ድርጊት ነው፣ እዚያ ክፍል ደግሞ የተሸለመው ፍጥነት ነበር።

ስለ ከረሜላው አንድ ነገር ልጨምር፤ በየትምህርት ቤቱ ስለማየው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ከፈሉ። አንደኞቹን ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ አሏቸው። ሁለተኞቹን ምንም ሳይነግሩ፣ ሣሉና ሸለሟቸው። ሦስተኞቹ ሳይሸለሙ ሣሉ። ከቀናት በኋላ ቀለሙ በነጻ ጊዜያቸው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥላቸው፣ ሽልማት ተነግሯቸው የሣሉት ከሌሎቹ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ብቻ ነው ሥዕል ላይ ያሳለፉት። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። መምህርት ይህን ስነግራት ሳቀች። ከረሜላ ያለቀባት ዕለት ልጆቹ "ቲቸር፣ ዛሬ ሒሳብ የለም እንዴ?" ብለዋት ነበር።

ከዚያ ያደረግነው ነገር ቀላል ነው፤ ግን በሱፐርቪዥን ዘመኔ ከዚያ በፊት አድርጌው አላውቅም። 35 ብለው ከጻፉት ሁለቱን ጠርተን፣ ውጭ ዛፍ ሥር አስቀምጠን፣ እንዴት እንደሠሩት ጠየቅናቸው።

ልጅቷ ቀደመች። "ከ8 ላይ 3 ሲቀነስ 5። ከ4 ላይ 1 ሲቀነስ 3።"

"ለምን ከ8 ላይ 3 ቀነስሽ? 3ቱ እኮ ነው ከላይ ያለው።"

"ከትንሽ ላይ ትልቅ አይወጣማ።"

ልጁ ደግሞ እንዲህ አለ፦ "3ቱ አልበቃኝ አለ። ከ4ቱ አንድ አሥር ተበደርሁ። 13 ሆነልኝ። 8 ሲወጣ 5። ከዚያ ብድሩን መለስሁ።"

"ለማን?"

"ለ4ቱ ነዋ! 4 ነበር፣ 4 ሆነ። አንድ ሲወጣ 3።"

እኔ ሳቅሁ። መምህርት አልሳቀችም። "ተበደሩ ያልኋቸው እኔ ነኝ" አለች።

እውነትም መቀነስን ስናስተምር "ከጎረቤት መበደር" ነው የምንለው፤ እኛም የተማርነው በዚያው ቃል ነው። ብድር በምድር እየተባለ ባደገ ልጅ ፊት ግን ተበድሮ ዝም ማለት ነውር ነው። ጨው የተዋሰ ጨው ይመልሳል፣ ዘር የተበደረ በምርት ይከፍላል። ልጁ የሠራው ከቤቱ የተማረውን ነው። ሞኝነትም አይደለም፤ በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረ አንድ የመቀነስ ስልት አለ፣ ላይኛው አንድ ቤት 10 ሲጨመርለት ታችኛው አሥር ቤት 1 ይጨመርበታል። ብድሩ በእርግጥ ይከፈላል፤ የሚከፈለው ግን በታች በኩል ነው። የኛ ልጅ ከፋይነቱ ትክክል ነበር፣ የከፈለበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

እንግዲህ ሁለት ልጆች፣ አንድ 35፣ ሁለት ምክንያት። አንዷ አሥሩን ጨርሶ አልነካችውም፤ ሌላው ነክቶ መለሰው። ቀይ እስክሪብቶ ለሁለቱም ያው መስቀል ነው የሚያደርግላቸው። አስደሳች የተባለ ጨዋታ ሁሉ ቢደረደር፣ ለአንዷ የሚሆነው ለሌላው አይሆንም። የልጆችን አስተሳሰብ በማጥናት የታወቀው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ወደ ልጆች ጥናት የገባው በዚህ በር ነው። ወጣት ሳለ ፓሪስ፣ የአእምሮ ፈተና ጀማሪው አልፍሬድ ቢኔ ይሠራበት በነበረው ቤተ ሙከራ፣ የማመዛዘን ፈተናዎችን ለፈረንሳይ ልጆች እንዲያስተካክል ተሰጥቶት ነበር። ሥራው ትክክለኛ መልሶችን መቁጠር ነው፤ እሱን የያዘው ግን ስሕተቱ ነው። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች በአንድ ዓይነት መንገድ ይሳሳታሉ፣ ሲጠየቁም ምክንያት አላቸው። በኮሌጅ ስለ ፒያዤ የምንሸመድደው አራቱን የዕድገት ደረጃዎችና ዕድሜያቸውን ነው። እኔም ለፈተና ሸምድጄ አልፌአለሁ። ልጁን ቁጭ አድርጎ መጠየቁን ግን ከዛፉ ሥር ነው የተማርሁት።

ልጅቷን ሳንሰናብታት መምህርት አንድ ነገር ሞከረች። "43 ብር ይዘሽ 18ቱን ብታወጪ ስንት ይቀርሻል?" ልጅቷ ጣሪያ የሌለውን ሰማይ አየች። "ከ18 እስከ 20 ሁለት። እስከ 40 ሃያ። ከዚያ ሦስት። 25።" ደብተሯ እኮ ጭኗ ላይ ነው፣ 35 ተብሎ ተጽፎበት! በገበያ ቀን ከእናቷ ጋር እንቁላል ትሸጣለች፤ በየሳምንቱ አንድ ቀን ከክፍል የምትጠፋው ለዚህ ነው። በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ጥናት መንገድ ላይ የሚሸጡ 5 ልጆችን ተከታትሎ ነበር። በንግዳቸው ላይ ሳሉ ከተጠየቁት ሒሳብ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ፤ ያንኑ ስሌት በቁጥር ብቻ ወረቀት ላይ ሲሰጣቸው ወደ 37 በመቶ ወረዱ። ጥናቱን ሳነብ ብራዚል ሩቅ መስሎኝ ነበር።

የገበያ ጨዋታ እንሥራ አልሁ። መምህርት አልተስማማችም። ገበያ የምትሄደው ልጅ መቁጠሩን ታውቃለች፤ ያላወቀችው ሰሌዳው ላይ ያለው 4 ማለት አራት አሥሮች መሆኑን ነው፤ ገበያ ገበያ ብንጫወት በምታውቀው መንገድ ሠርታ ትወጣለች እንጂ 4ቱን አትነካውም፣ ነው ክርክሯ። እኔ ደግሞ በሥልጠና እንደምንለው ቆርኪ ይሰብስቡ አልሁ። ይህንንም መለሰችው።

"ቆርኪ አይታሰርም፣ ጋሼ።"

አልገባኝም ነበር። አሥር ቆርኪ አሥር ቆርኪ ነው፤ ክምችት ነው እንጂ አንድ ነገር አይሆንም። አሥር አገዳ ሲታሰር ግን አንድ ነዶ ነው፤ አንድም ነው፣ አሥርም ነው። ወሩ ኅዳር ነው፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ወጥተው የሚሄዱት ወደ አጨዳ ነው። ነዶ ማሰር ማንም አያስተምራቸውም። ለመቀነስ አገዳው ያልበቃው ልጅ ደግሞ ከማንም አይበደርም፤ የራሱን ነዶ ይፈታል። የተፈታ ነዶ ይመለስልኝ አይልም። "መበደር" የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከክፍሉ ወጣ፣ "መፍታት" ገባ። ከሠራነው ሁሉ ትልቁ ይህ የቃል ለውጥ ይመስለኛል፤ ገንዘብም አልጠየቀም።

የመጀመሪያው የነዶ ትምህርት ግን ፈረሰ። እኔም እዚያው ነበርሁ። ልጆቹ አገዳ ይዘው መጡ፤ አገዳ ያጡት የእናታቸውን ስንደዶ ይዘው መጡ። (በማግሥቱ አንዲት እናት "ለሰፌዴ ያስቀመጥሁትን" ብለው መጥተዋል፤ መምህርት ይቅርታ ጠይቃ መልሳለች።) 40 ደቂቃ ውስጥ አሥር አሥር ሊቆጥሩ፣ ሊያስሩ፣ ሊፈቱ፣ ሊቀንሱ፣ ሊጽፉ። ክሩ ይወድቃል፣ አገዳው ይሰበራል፣ መስታወት በሌለው መስኮት የገባ ነፋስ የአንዱን ቡድን 43 ወደ ሌላው ያሻግረዋል። ደወሉ ሲደወል አብዛኛው ገና ቋጠሮ ላይ ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ስዌለር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲጽፍበት የኖረው ነገር ይኸው ነው፤ አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ውስን ነው፣ ቋጠሮው ከያዘው ለመቀነሱ ቦታ የለም። እንደ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የታችኛውን ክፍል አንድ መምህር ነው ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምረው፤ ስለዚህ ማሰሩን ወደ እጅ ሥራው ክፍለ ጊዜ ወሰደችው። ነዶው በዋዜማው ይታሰራል፣ ሒሳቡ በማግሥቱ ነው። ራሷ አስራ ልታመጣላቸው አስባ ነበር፤ ሞክራው አንዳንዶቹ "አሥር መሆኑን በምን እናውቃለን" ብለው ሁሉንም ፈትተው ቆጠሩት። ልክ ናቸው።

ሁለተኛው ችግር የከፋ ነበር፣ አንድ ለአምስቱ። ያን ጊዜ በኛ ትምህርት ቤቶች ልጆች አምስት አምስት ሆነው በአንድ ጎበዝ ሥር ይደራጁ ነበር፤ ጎበዙ ያግዛቸዋል ይባል ነበር። ያየሁት ጎበዙ አገዳውን በሙሉ ወደ ራሱ ስቦ ሲሠራና አምስቱ ሲያዩት ነው። መልሱ ሲመጣ ሁሉም 25 ብለው ይጽፋሉ። ይህንንም በቅጼ ላይ ቡድን ሥራ አለ ብዬ ስሞላው ነው የኖርሁት። የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ቪጎትስኪ ሲጠቀስ ደግሞ ለዚህ አሠራር ምስክር ተደርጎ ነው፤ ልጅ ብቻውን የማይችለውን ከሚበልጠው ጋር ሆኖ ይችላል ብሏልና። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1934 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ገና 37 ዓመቱ ነበር፤ ሐሳቡን አብራርቶ አልጨረሰውም። እገዛው ምን መምሰል አለበት የሚለውን በኋላ ያዩት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዉድ፣ ብሩነርና ሮስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ 30 ልጆች 21 የእንጨት ቁራጮች ገጣጥመው ፒራሚድ እንዲሠሩ ሲታገዙ ተመለከቱ። ጥሩ አጋዥ ልጁ የሚችለውን አይነካበትም፤ ሲያቅተው ይገባል፣ ሲችል ይወጣል።

እኔን ግን ነገሩ ያስታወሰኝ ፒራሚድ አይደለም። አጎቴ በጎጃሙ የቅኔ ቤት በዋሸራ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ነበሩ። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ረጅም በሆነው የቅኔ ዓይነት፣ በመወድስ፣ አይጀምርም። ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እሷ ስትሞላለት ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ ነው መወድስ የሚደርሰው። ከሰው ተለይቶ ጫካ ገብቶ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል። ነገራ ይሉታል። ጀማሪውን ቀድሞ የሚሰማው ከሱ ከፍ ያለ ተማሪ ነው፣ አስነጋሪ። አስነጋሪው ይሰማል፣ ያርማል፤ ቅኔውን ነጥቆ አይጨርስለትም። ቢጨርስለት የማን ቅኔ ይሆናል? ይህን ለመምህርት ያወራኋት ሻይ ስንጠጣ፣ ጨዋታ ብዬ ነው። (የአብነት ትምህርት ቤት አርጩሜም ነበረው፤ እሱን አላወራኋትም።) በሳምንቱ ስመጣ ክፍሉ ውስጥ ሕግ ወጥቷል። የየቡድኑ ጎበዝ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። አገዳ መንካት አይችልም፤ መጠየቅ ብቻ። "ስንት ነዶ አለህ?" "በቃህ?" "የቱን ፈታህ?" ስሙም አስነጋሪ ሆኗል። በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ደግሞ ሁለት ልጆች ወጥተው የሠሩትን ለክፍሉ ይናገራሉ። መልሱ ቢሳሳትም እስኪጨርሱ ማንም አያቋርጣቸውም። ጎበዞቹ መጀመሪያ ተሠቃይተዋል። አንዷ እጇ እያመለጣት ብትቸገር በነጠላዋ አሰረችው።

ጩኸቱ ቀነሰ፤ ያን ዕለት ቅጹን ብሞላ ኖሮ "ተሳትፎ" የሚለው ሳጥን ዝቅ ይል ነበር።

ከአገዳ ወደ ቁጥር ያለው መንገድ ላይ የሠራሁትን ጥፋት መናገር አለብኝ። ብሩነር ልጅ ነገርን መጀመሪያ በእጁ፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ በመጨረሻ በምልክት ይይዛል ይላል። መምህርት ይህን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ነዶውን ረጅም መስመር፣ ነጠላውን አገዳ ነጥብ አድርገው በደብተራቸው እንዲሥሉ ጀምራ ነበር። 43 ማለት አራት መስመርና ሦስት ነጥብ ነው። ለ18 ነጥብ ሲያጥር አንዱን መስመር ሰርዘው አሥር ነጥብ ይረጫሉ። እኔ ግን ዓመታዊ ዕቅዱ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ቀርቷል ብዬ፣ ገብቷቸዋል ወደ ቁጥሩ እለፊ አልኋት። አለፈች፤ ሱፐርቫይዘር ያለው ነዋ። በአራተኛው ቀን ደብተሮቹን ስንገልጥ 35 ተመልሶ መጥቷል። እጃቸው ያውቃል፣ ቁጥሩ ግን ከእጃቸው ጋር አልተዋወቀም። ወደ ሥዕሉ ተመለሰችና አንድ ሳምንት ሙሉ እዚያው ቆየች። በዚያ ሳምንት ሥዕሉንና ቁጥሩን ጎን ለጎን ነበር የሚያደርጉት፤ መስመር ሲሰርዙ 4ቱን ሰርዘው 3 ይጽፋሉ፣ ነጥብ ሲረጩ 3ቱን 13 ያደርጋሉ። ሥዕሉን ተዉ ያላቸው የለም። አንድ በአንድ ራሳቸው ሰለቻቸውና ተዉት። እንቁላል ሻጯ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። እስከ መጨረሻው ያልተዉትም አሉ፤ ይሁን።

ከገና በኋላ 35 ብለው የሚጽፉት ከአሥር አይበልጡም ነበር። ከነሱም ብዙዎቹ በውቂያ የቀሩ ናቸው። ብድር መላሹ ልጅ አንዱ ነው፤ ዕድሜው ከክፍሉ ልጆች ከፍ ይላል፣ አውድማ ላይ በሬ የሚነዳው እሱ ነው። የቀሩትን መምህርት ከሰዓት በኋላ እያስቀረች ከአገዳው ጀምራ አስተማረቻቸው። ይህ ጊዜ በማንም ዕቅድ ላይ የለም፣ ማንም አይከፍላትም፤ ስለዚህ ሌላውም መምህር እንዲህ ያድርግ ብዬ ልጽፍ አልችልም።

የካቲት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ገባሁ። ሰሌዳው ላይ 100 − 37 ተጽፏል። ጠረጴዛው ላይ አሥር ነዶ በአንድ ላይ ተከምሯል፤ ክምር ብለውታል። አሥር ቤቱ ባዶ፣ አንድ ቤቱ ባዶ፤ የሚፈታ ነዶ በሰሌዳው ላይ የለም። ክፍሉ ዝም አለ። ጎበዞቹም እጃቸውን እንዳጣመሩ ቀሩ። ከኋላ ያ ብድር መላሹ ልጅ ተነሣ።

"ክምሩ ይናዳ!"

ወጥቶ ናደው። ዘጠኙን ነዶ በአንድ በኩል አስቀምጦ አሥረኛውን ፈታ፤ ሰባት አገዳ አነሣ፣ ሦስት ነዶ አነሣ። የቀረውን ቆጥሮ ተናገረ፤ 63። መምህርት ወደ ደብተርህ ግባና ጻፈው አለችው። በደብተሮቹ መካከል ስታልፍ እኔም ከኋላዋ ነበርሁ። ልጁ 73 ብሎ ጽፏል። የፈታውን ነዶ መልሶ አስሮታል።

ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣች። መስቀል አላደረገችም፤ ከቁጥሩ ጎን "ንገረኝ" ብላ ጽፋ አለፈች።